መድኃኒት ብለን ያደልነው

ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው አርባ ምንጭን አይረሳትም። በስተግራ ወተት የነካው ሻይ የመሰለው አባያ፣ በስተቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ «የእግዜር ድልድይ» ይታያል። እኔ በ1984 ዓ.ም. ያን ቁልቁለት ስወርድ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። የተመደብኩት በአባያ በኩል፣ ያኔ ጥጥ ይዘራበት ከነበረ ቆላ ነው። ዕቃዬ አንድ የሸራ ሻንጣ፣ እውቀቴ የጥቂት ወራት ሥልጠና፣ ልቤ ግን የአገር ያህል ትልቅ ነበር።

የሥራዬ ዋና ነገር መርጨት ማስተማር ነው። የጥጥ ቀንደኛ ጠላቱ ጓይ ትል ነው። እናቱ፣ ያቺ የሌሊት በራሪ፣ እንቁላሏን ተክሉ ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል የጥጡን ፍሬ ሰርስሮ ይገባና ውስጡን ይበላዋል። ክሽክሹና ነጭ ዝንቡ ደግሞ የቅጠሉን ጭማቂ ይመጥጣሉ። እኔም ገበሬዎቹን ዛፍ ሥር ሰብስቤ፣ የጀርባ መርጫውን አዝዬ፣ «ይህ መድኃኒት ነው፤ ትሉን ይፈጃል፤ ምርት ይጨምራል» እል ነበር። ጓንት አልነበረም፤ የአፍ መሸፈኛም አልነበረም። ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገበሬው ማንበብ አይችልም፤ እኔም ብሆን ከራስ ቅሉ ሥዕል በቀር ብዙ አልገባኝም። የራስ ቅል የተሳለበትን ዕቃ እያሳየሁ «መድኃኒት» ማለቴ ግን ያን ጊዜ አላስደነቀኝም።

ጎረቤቴ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። እንጀራዬን የሚጋግሩልኝ፣ ቡና ሲያፈሉ የሚጠሩኝ፣ «ልጄ» የሚሉኝ እርሳቸው ናቸው። በ1985 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጃቸውን ቅማል አስቸገራት። እናት ለጥጣቸው ከሰጠኋቸው ላይ ጥቂት በውኃ በጥብጠው ፀጉሯን አጠቡላት፤ እንዲጠብቅም በጨርቅ አሰሩላት። ማታ ተጠርቼ ስደርስ የልጅቱ ለሃጭ ይዝረበረባል፤ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቧል፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ ከዚያም በእህል ጭነት መኪና ሆስፒታል አደረስናት። ሦስት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆየች። በሁለተኛው ቀን ደጅ ተቀምጬ ሳለ እናትየው ወጡና፣ ሳይቆጡ፣ የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ሆነው፣ «ልጄ፣ መድኃኒት ነው ብለኸን አልነበረም እንዴ?» አሉኝ።

ልጅቱ ዳነች። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጀሪካን አደልኩ። በትምህርቴ ላይ የጨመርኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ «ራስ ላይ እንዳታደርጉት።»

አማርኛችን ግን አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ባላገር «መድኃኒት አበሉት» ሲል አዳኑት ማለቱ አይደለም። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። እኛ ተማርን ባዮቹ አንዱን ፊት ብቻ ይዘን ገበሬው ደጅ ሄድን። ቃል ደግሞ ሥራውን ይሠራል። መድኃኒት የተባለ ነገር አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ በጎተራ እህል ላይ ይነሰነሳል፤ ባዶ ጀሪካኑ ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል። መርዝ ብለነው ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ወደ ልጇ ራስ ታስጠጋው ነበር?

ሌላም የበደልነው ቃል አለ። በማሳው የሚርመሰመሱትን ፍጥረቶች አባቶቻችን ነፍሳት ብለዋቸዋል፤ የነፍስ ብዙ ቁጥር መሆኑ ነው። እኛ ሁሉንም ጠቅልለን «ተባይ» አልናቸው። መርዙም እንደኛው ነው፤ ትሉን ከትሉ ጠላት አይለይም። እንዲያውም ትሉ ፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ሲተርፍ፣ ቅጠል ላይ የሚዘዋወሩት ጥንዚዛና ሸረሪት ቀድመው ያልቃሉ። ከትሎቹም መርዙን የቻሉት ይቀሩና እንደነሱው የሚችል ዘር ይተካሉ። ከዚያ ወዲያ ትሉ ጠላት በሌለበት አገር ይነግሣል። እኔ በነበርኩባቸው ዓመታት በዓይኔ ያየሁት ይኸው ነው። መጀመሪያ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ ይረጩ የነበሩ ገበሬዎች ቆይተው አምስትና ስድስት ጊዜ ይረጩ ጀመር። ወጪያቸው እንጂ ትሉ አልቀነሰም።

የአገሪቱም ነገር ከዚህ የራቀ አልነበረም። ለአንበጣና ለተምች እየተባለ የገባው መርዝ ጊዜው እያለፈበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ኖረና፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው ተሰብስቦ ሊቃጠል ወደ ፊንላንድ ተጫነ። መድኃኒት ተብሎ የገባው አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ታወጀ። በጥጥ ማሳ ስሙ የገነነው ኢንዶሰልፋንም እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት ከዓለም እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች መዝገብ ገባ።

እኔ ሥራውን በ1988 ዓ.ም. ለቅቄ አዲስ አበባ ገባሁ። ሽሮ ሜዳ ወርጄ ጋቢ ስገዛ፣ ከጋሞ ደጋ የመጣው የዶርዜ ሸማኔ ድሩን ሲያጠብቅ ሳይ፣ ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ ትመጣለች። አንባቢ ሆይ፣ የምንደርበው ጋቢ ከሸማኔው እጅ በፊት ማሳ ላይ ነበር፤ ማሳው ላይ ደግሞ የሚረጭ ሰው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ለለቅሶ አርባ ምንጭ ወረድኩ። አንድ የጥንት ባልደረባዬ፣ «ና፣ ገበሬ ነፍሳት ሲቀልብ ላሳይህ» ብሎ ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሸሌ ሜላ ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከእንግሊዝ አገር አቻው ጋር ሆኖ የአካባቢውን ጥጥ አምራቾች በየማሳቸው ሲያሠለጥን ቆይቷል። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ባልዲ ሙሉ ውጥንቅጥ አሳየኝ፤ የቢራ እርሾና ስኳር ነው። ዘዴው ከአውስትራሊያ የጥጥ እርሻዎች ተነሥቶ በቤኒን በኩል የመጣ ነው። የእርሾው ሽታ ከሩቅ ያሉትን የትል ጠላቶች ይጠራል፤ ስኳሩ የመጡትን ያቆያል። ቀይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ፣ አረንጓዴ ባለ ስስ ክንፍ በራሪ፣ ሸረሪት፣ ተርብ፣ ሁሉም ለግብዣው ይመጡና ትሉንና ክሽክሹን ይበላሉ።

«ዝም ብለን አንረጭም፤ እንቆጥራለን» አለኝ ገበሬው። በየተክሉ እየጎነበሰ ትሉንም የትሉንም ጠላት ይቆጥራል። ለሁለት ተባይ አንድ ወዳጅ ካለ እጁን ይሰበስባል። ወዳጆቹ ካነሱ ምግቡን ይረጫል። ትሉ ከበረታ የኒም ፍሬ ቀጥቅጦ፣ በውኃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ ይረጫል፤ ኒም ትሉን ምግብ ያስጠላዋል፤ እድገቱንም ያሰናክለዋል እንጂ ወዲያው አይጥለውም። ከዚያ ገበሬው ጣቱን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ላሰ። «ቅመሰው ጋሼ» አለኝ። ቀመስኩት። ኮምጠጥ ያለ ጣፋጭ ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ያደልኩትን አንድም ቀን ጣቴ ላይ አላደረግሁትም ነበር።

እሾህን በእሾህ መባሉ ለካ የማሳም ሕግ ነው። ዓለምም ካወቀው ቆይቷል። ካሊፎርኒያ የብርቱካን ተክሏ በመጤ ተባይ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1888 ከአውስትራሊያ አንዲት ጥንዚዛ አስመጥታ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳነች። አፍሪካ ካሳቫዋን ሚሊባግ ሲፈጅባት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከፓራጓይ የተገኘች ደቂቅ ተርብ በናይጄሪያ ተለቀቀችና ከአገር አገር ተዛምታ የሚሊዮኖችን ቀለብ አተረፈች። ለዚህ ሥራ የተሸለሙት ሐንስ ሄረን የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እኔ በአባያ ዳር ጀሪካን ሳድል በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

ይህን ስል ግን ያንን የድሮውን ስብከት በአዲስ ጀሪካን ልሰብክ አይደለም። ይህ መንገድ ቀርፋፋ ነው። የጎረቤት መርዝ በነፋስ ከመጣ የተጋበዙት ሁሉ ያልቃሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባውን መጤ ተምች ያየ ገበሬ «ቆጥረህ ጠብቅ» ቢሉት ልቡ አይረጋም፤ አልፈርድበትም። ከሁሉ በላይ እውቀት ይጠይቃል። መርዝ ለመርጨት ትከሻ ይበቃል፤ ጠላትን ከወዳጅ ለመለየት ግን ዓይን ያስፈልጋል። እኛ ለገበሬው ትከሻውን እንጂ ዓይኑን አላሠለጠንንለትም።

በማግሥቱ ወደ አባያ በኩል ሄድኩ። ጥጡ ጠፍቶ ሙዝና ማንጎ ሆኗል። ሴትዮዋ አሉ፤ ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። በድምፄ አወቁኝ። ልጅቱ ሶዶ ተድራ የሦስት ልጆች እናት ሆናለች አሉኝ። ቡና ተፈላ። ሸሌ ሜላ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ስለ እርሾው፣ ስለ ቆጠራው፣ ስለ ጥንዚዛዋ። ጸጥ ብለው አዳመጡኝ።

«ይኼኛውንስ ምን ይሉታል?» አሉ።

«ምግብ ነው የሚሉት፣ እትዬ።»

«ቀምሰኸዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

ሲኒውን ሞልተው አቀበሉኝና፣ ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ደጅ እንደነበረው ሳይቆጡ፣ «ያኛውንስ ያኔ ቀምሰኸው ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቡናዬን ያዝኩ፤ እርሳቸውም ሳይጫኑኝ ከሰሉን ማራገብ ጀመሩ።