ሰውነት ሲቆጣ

በኮሮና ወራት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያልተቀቀለበት ቤት አልነበረም። የሁላችንም ምክር «የመከላከል አቅማችሁን አጠናክሩ!» የሚል ነበር። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሰውን ለሞት የሚያደርሰው ሁልጊዜ የመከላከያው መድከም ሳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ቁጣው ልክ ማጣቱ እንደሆነ በቤቴ አይቻለሁ።

ባለቤቴ በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ታመመ። በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲልለት «ተመስገን!» ተባባልን። በዘጠነኛው ቀን ግን ከአልጋው እስከ በሩ መራመድ አቃተው፤ ሁለት ቃል ሲናገር ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሆስፒታል ወሰድነው። «እየተሻለው አልነበረም ወይ?» ብዬ ሐኪሙን ስጠይቃቸው፣ «አሁን ይበልጥ የሚጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን የራሱ መከላከያ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቫይረስ ሳንባ ሲገባ፣ ሴሎች ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይረጫሉ፤ እነዚህም ነጭ የደም ሴሎችን ለውጊያ ይጠራሉ። ጥሪው በጊዜው ካልቆመ፣ ቁስል እንደሚቆጣ ሁሉ ሳንባም ይቆጣል። የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሳልፋሉ፤ አየር የሚይዙት ጥቃቅን ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ። ይህም «የሳይቶካይን ማዕበል» ይባላል። በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው የ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ዙሪያ ብርቱ ጎልማሶችን ያረገፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ብዙ ተመራማሪዎች ያስባሉ።

በ2012 ዓ.ም. «ሪከቨሪ» የተባለው የብሪታንያ ጥናት፣ ዴክሳሜታሶን የተባለ ርካሽና የቆየ መድኃኒት ይህን ቁጣ አብርዶ፣ በመሣሪያ ከሚተነፍሱት የኮሮና ሕሙማን መካከል የሚሞቱትን በሲሶ ያህል፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ በአምስተኛ እጅ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም፤ ውጊያው ሳያልቅ ተዋጊውን ማሰር ሊጎዳም ይችላልና። ባለቤቴም በኦክስጅንና በዚሁ መድኃኒት ተረድቶ ዳነ።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፣ ከመካከላችሁ አንዱ በእንዲህ ያለ በሽታ ሲታመም፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ትኩሳቱ ቢወርድም በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሹን ተከታተሉ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋባ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ዴክሳሜታሶንንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጡ። መድኃኒቱ የሚያድነው ጊዜውን ሲያገኝ ነው፤ ያንን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ አጠገብ የተኛው ሰው ነው።