መንገዱ ተቆፍሮ ሳለ

አንድ የከተማ ጎዳና አሮጌ አስፋልቱ ተገፎ፣ ጠርዙ ተሰብሮ እንደ አዲስ የሚነጠፍበት ጊዜ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። በሲያትል ሰሜን ምሥራቅ፣ የዌጅዉድንና የብራያንትን ሰፈሮች ሰንጥቆ ለሚያልፈው 35ኛው ጎዳና ያ ጊዜ መጥቶለት ነበር። ገንዘቡ ተመድቧል፣ ማሽኑ ገብቷል። ከ47ኛው እስከ 89ኛው መንገድ ያለው 2.3 ማይል፣ ወደ አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው፣ የብስክሌት መስመር እንዲኖረው ንድፉ አልቋል፤ ተቋራጩም ሥራውን የጀመረው በዚሁ ንድፍ ነው። በመጋቢት 2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከንቲባ ጄኒ ደርካን የብስክሌት መስመሩ እንዲቀር መወሰናቸውን አስታወቁ። አስፋልቱ ተነጠፈ፣ ቀለሙም ተቀባ። ለብስክሌተኛው የተረፈ ቦታ ግን የለም።

ዓመታት አልፈዋል፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ከንቲባዋ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ፖለቲካ ነው ብዬ እተወው ነበር። ከንቲባ የሚሰማው የጮኸለትን ነው፤ የጮኸው ደግሞ የሰፈሩ ሰው ነው። በየቤቱ ደጃፍ የተቃውሞ ሰሌዳ ተተከለ። ስብሰባዎቹ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚቆጣባቸው መድረኮች ሆኑ። ከተማዋ አስታራቂ እስከ መቅጠር ደረሰች፤ አልሆነም።

የተቃዋሚዎቹን ስጋት አልንቅም። በ35ኛው ጎዳና ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ደንበኛው መኪናውን የሚያቆምበት ካጣ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይገበያል ብሎ ቢፈራ፣ የሚፈራው ለልጆቹ እንጀራ ነው። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ከቤታቸው ፊት ለፊት መውረድ እንዳይቀርባቸው ቢሟገቱ ተገቢ ነው። «ከዚህ አራት ጎዳና አልፎ፣ በ39ኛው ላይ ለብስክሌት ምቹ የሆነ ጸጥ ያለ መንገድ አለ፤ ለምን በዚያ አይሄዱም?» የሚለውም ክርክር ሲሰሙት ያሳምናል። ነገር ግን ሱቆቹ ያሉት በ35ኛው ላይ ነው። የሰሜን ምሥራቅ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍትም እዚያው 68ኛው ላይ ነው። በሌክ ሲቲ በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወርደው 65 ቁጥር አውቶቡስም የሚሄደው በዚሁ ጎዳና ነው። ሰው ብስክሌት የሚነዳው እንደ ባለመኪናው ሁሉ ጉዳይ ወዳለበት ለመድረስ ነው፤ ጉዳይ በሌለበት ጎዳና ምቹ መንገድ ሰጥቶ ጉዳይ ካለበት መከልከል መልስ አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው ቁጭቱ የሚብሰኝ። ይህች ከተማ የሰፈር ሰው ስጋት እውነት ይሆን ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ባታውቅ ኖሮ ይቅር በተባለላት። ታውቅ ነበር። ከ35ኛው ጎዳና ደቡባዊ ጫፍ ብዙ ሳይርቅ በርክ ጊልማን የሚባለው መንገድ ያልፋል። ጥንት የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ስሙን ያገኘው በ1885 የባቡር ኩባንያውን ካቋቋሙት ከቶማስ በርክና ከዳንኤል ጊልማን ነው። ባቡሩ ሲቀር ቦታው ለእግረኛና ለብስክሌት የጋራ መንገድ ይሁን ተባለ። ያኔም በሐዲዱ ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች ተነሡ። ሌባ በጓሯችን ይገባል፣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል አሉ። መንገዱ ግን በ1978 ተመረቀ፤ አሥራ ሁለት ማይል ያህል ነበር።

በ1987 የከተማዋ የምሕንድስና መምሪያ ያ ሁሉ የተፈራው ነገር ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አደረገ። የመንገዱን ጎረቤቶች፣ የቤት ሽያጭ ደላሎችንና ፖሊሶችን ጠየቀ። መንገዱ ስርቆትን አላበዛም። በመንገዱ አቅራቢያ ያሉ ቤቶች ዋጋቸው አልወደቀም፤ ይልቁንም በስድስት ከመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። «ዋጋችን ይወድቃል» የተባለለት መንገድ የቤት ሻጮች በማስታወቂያቸው የሚጠሩት ነገር ሆነ። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ነዋሪ እንዲህ ዓይነት መንገድ ሲቃወም የከተማው ሹማምንት አንሥተው የሚያሳዩት ይህንኑ የሲያትልን ጥናት ነው። ሌላውን ያስተማረች ከተማ የራሷን ሰፈር ማስተማር አቃታት። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በዚያው አቅራቢያ፣ ያው ፍርሃት እንደ አዲስ ተነሣ፤ በዚህኛው ዙር አሸነፈ።

ከጥናት ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። በመጋቢት 2013፣ ከ35ኛው ጎዳና ሁለት መንገድ ብቻ ርቆ፣ 75ኛው ላይ፣ ሰክሮ የሚነዳ ሰው መንገድ በማቋረጥ ላይ የነበሩ የአንድ ቤተሰብ አባላት ላይ ወጣባቸው። አያቶቹ ሁለቱም ሞቱ። እናቲቱና ገና የተወለደው ልጇ ክፉኛ ተጎዱ። ቦታው ከኤክስታይን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ሰፈሩ አለቀሰ፣ አበባና ሻማ አኖረ፣ ከዚያም መንገዳችንን አስተካክሉልን ብሎ ጠየቀ። ከተማዋም ሰማች። በዚያው ዓመት 75ኛው ላይ የመኪናው መስመር ተቀነሰ፣ መሐሉ መታጠፊያ ሆነ፣ በዳርና ዳሩ የብስክሌት መስመር ተሠመረ። ሰካራምን ቀለም እንደማያቆመው አውቃለሁ። ነገር ግን ጠበብ ያለ መንገድ የነጂውን ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ የተመታ ሰው የመትረፍ ዕድሉ እንደሚጨምር፣ ያ ሰፈር በለቅሶ የተማረው ነው። ስድስት ዓመት ብቻ! ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር፣ ከዚያው ቦታ አጠገብ፣ ያንኑ ትምህርት ጣሉት። የቱ ልብ ነው ይህን ያህል ቶሎ የሚረሳው?

የመራጩም ድምፅ አለ። የሲያትል ሕዝብ በ2015 ለዘጠኝ ዓመት የሚከፈል የ930 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ግብር በራሱ ላይ ጥሏል፤ ከገንዘቡ የተወሰነው ለብስክሌትና ለእግረኛ ደኅንነት እንደሚውል ተነግሮት ነው የመረጠው። 35ኛው ጎዳና ደግሞ በ2014 በጸደቀው የብስክሌት መሪ ዕቅድ ውስጥ ተሥሎ ነበር። ከተማዋም በ2030 በመንገዶቿ ላይ ሰው እንዳይሞት አደርጋለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ዕቅድም፣ ገንዘብም፣ ቃልም፣ የተቆፈረ መንገድም በአንድ ጊዜ ተገናኙ። እነዚህ አራቱ ስንት ጊዜ አብረው ይገኛሉ?

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚያስብ እገምታለሁ። እዚያ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በወራት ውስጥ ተዘርግቷል፤ ቅሬታው የሰፈሩ ሰው በደንብ አልተጠየቀም የሚል ነው። እኔም ነዋሪ ለምን ተጠየቀ አላልኩም። ይጠየቅ። የምለው፣ የተጠየቀው ሁሉም አልነበረም ነው። በምሽት ስብሰባ መጥቶ ማይክሮፎን የሚይዘው ቤት ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ እንግሊዝኛው የማይደናቀፍ ሰው ነው። ኤክስታይን የሚማረው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ የለውም። በ65 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሌሊት ፈረቃዋ የምትሄደው እናት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ስለ እነሱ የተናገሩ አልጠፉም፤ ግን ቁጣ ከቁጥር በላይ ይሰማል።

ወገኖቻችን በብዛት የሚውሉበትን የከተማዋን ደቡብ ሳስብ ደግሞ ቁጣዬ ይነሣል። ሬኒየር ጎዳና ከከተማዋ አደጋ ከሚበዛባቸው መንገዶች አንዱ ነው። የእኛ ምግብ ቤቶች አሉበት፣ ገበያችን አለበት፣ እናቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ይሻገሩታል። እዚያ ያለው ሰው መንገዱን አጥብቡልን፣ መሻገሪያ ስጡን እያለ ዓመታት ለምኗል፤ ያገኘውም ቁርጥራጭ ነው፣ በ2015 በኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ትንሽ ተስተካከለለት፣ የቀረውን ሲጠብቅ ኖረ። ባለጸጋው ሰፈር ግን ደጃፉ ድረስ የመጣለትን፣ ንድፉ ያለቀለትን፣ ገንዘቡ የተከፈለለትን ገፍቶ መለሰው። ለማኝ የሚሻው ዳቦ ባለማዕድ ገበታ ላይ ሲጣል ማየትን ያህል የሚያምም ነገር የለም።

በመስከረም 2019 የከተማዋ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ የብስክሌት መስመር የታቀደለት ጎዳና በከፍተኛ ወጪ እንደገና ሲነጠፍ መስመሩ አብሮ ይሠራ፤ የከተማዋ የትራንስፖርት መምሪያ የማይችል ከሆነ ምክንያቱን ቀርቦ ለምክር ቤቱ ያስረዳ የሚል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ሕጉ በ35ኛው ላይ የሆነው በሌላ ጎዳና እንዳይደገም የወጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለሌሎቹ ጎዳናዎች ከልቤ ደስ ይለኛል። ሕጉ የሚሠራው ግን መንገድ ሲቆፈር ነው። 35ኛው ደግሞ አዲስ አስፋልት ስላለው ለብዙ ዓመት አይቆፈርም። ዛሬ በብስክሌት ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ የሚፈልጉት ልጆች ማሽኑ ተመልሶ ሲመጣ የልጅ ወላጅ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜም ሰሌዳ የሚተክል ጎረቤት አይጠፋም።