ሰሙ ሲገፈፍ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሰርግ ዳስ አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ስለ ገላ የማያነሳው ነገር የለም። ቃሉ ግን ሰም ይለብሳል። ሽማግሌው ወርቁን አግኝቶ ይስቃል፤ ሙሽራዋ በነጠላዋ ትሸፈናለች፤ የሚቀየም አይገኝም። ቅኔ ባደገበት አገር ነውር የሚቆጠረው ከነገሩ ይልቅ በአነጋገሩ ነው።

ሥጋዊ ፍቅር ያለ ሰም የቀረበ እንደሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊቶች የተረከበት «ሌቱም አይነጋልኝ» ለኅትመት ሲበቃ መጀመሪያ ተቆራርጦ ነበር። አንዱ አንባቢ ብልግና አለው፤ ሌላው እውነት አለው።

በጃፓንም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል። ናጊሳ ኦሺማ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በውጭ «የስሜቶች ግዛት» በሚል ስም የታወቀው የፊልም ድራማ በካን ተመልካች ሲጋፋለት፣ በአገሩ ተሸፋፍኖ ታየ። የፊልሙን ጽሑፍና ፎቶግራፎች የያዘው መጽሐፍ ተከሶ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በይግባኝ ነጻነቱ ጸና። ኦሺማ ብልግና የሚሆነው የተሸሸገው ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። የጋይንት አዝማሪ ይህን ቢሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ለእርሱ መሸሸግ የሙያው ጥበብ ነውና።

ሆኖም ደጋፊውም ነቃፊውም የሚከራከሩት ስለ መሸፈኛው ነው። ሐያሲ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ያ ገላ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቲቱም በሥራው ውስጥ ሰው ሆና መታየት አለመታየቷን ነው። ዳሱ በሳቅ ሲናወጥ ከነጠላዋ ሥር የሙሽራዋን ፊት ያየ የለም።