የቱም ማዕድና የላኦስ ማዕድ

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የቡናውን ደን ወደ ኋላው እየተወ ወደ ማጂ ተራሮች ሲቃረብ ቱም ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ቱም የማጂ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን አገሩ የዲዚ ሕዝብ አገር ነው። ለሥራ ጕዳይ በዚያ ሰንብተን ነበርና ስለ መንገዱ ጭቃና ስለ ተራራው ጉም ብዙ ለመጻፍ ይቻለን ነበር፤ ነገር ግን ለዚህ ገጽ የሚስማማው የማዕዱ ነገር ነው።

ከመሥሪያ ቤት የተላከ ሰው ወደዚያ አገር ሲወርድ አስቀድሞ የሚጠይቀው እንጀራ ነው። የቤቱ እመቤት በቤቷ ባይኖራት ከጎረቤት ተበድራ ታቀርባለች፤ ልጆቿ የሚበሉትን የጎደሬ ድስት ግን እንግዳው እንዳይንቃት ፈርታ ከጓዳ አታወጣውም። በገባንበትም ቤት እንዲሁ ሆነ። ሽታው ግን አልሸሸግ ብሎ ወደ እኛ ይመጣ ነበርና፤ «እሜቴ፣ በጓዳ የተጣደው ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅን። «ጌታዬ፣ እርሱ የእኛ የድኾች ምግብ ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም» አሉን። ደጋግመን ብንለምናቸው ትኩሱን ጎደሬ በኮባ ቅጠል ላይ አድርገው፣ ከእርጥብ ቃሪያና ከቅመም ከተፈጨ ዳጣ ጋራ አቀረቡልን። ቀጥለውም ጨሞ ቀዱልን። ጨሞ ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ የሚፈላ መጠጥ ነው፤ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ጨውና መልካም ሽታ ያለው ቅጠል ይገባበታል። እኛ በጠጣነው ውስጥ ጠጅ ሣር ነበረበት።

አብሮን የነበረው ባልንጀራችን ከእንጀራው ፈቀቅ ሳይል፤ «ይህ ቅጠላ ቅጠል ለሰው ነውን?» ብሎ ሣቀ። እመቤቲቱም አቀረቀሩ።

እኛ ግን የዚህን ጣዕም ዘመድ ከዚያ ቀደም በሩቅ አገር አግኝተነው ነበር። በአሜሪካ፣ ከዋሺንግተን ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ የላኦስና የታይላንድ ምግብ ወደሚቀርብበት ቤት ወሰዱን። ታይላንድ ማለት ቀድሞ ሲያም ትባል የነበረችው አገር ናት፤ ስሟን መጀመሪያ የለወጠችው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 ነው። አስቀድሞ የመጣልን ሾርባ በጠጅ ሣር የተቀመመና በቃሪያ የሚያቃጥል ነበረ። የላኦስ ሰዎች የሚበሉት ሩዝ የሚጣበቅ ዓይነት ነው፤ ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፈው ከቀርከሃ በተሠራ ቅርጫት በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ከዚያም በእጃቸው እያድቦለቦሉ ከማባያው እያጠቀሱ ይጐርሱታል። ላፕ የሚሉት ደግሞ የተከተፈ ሥጋ ሆኖ በሎሚ፣ በናዕናዕና በተቈላ የሩዝ ዱቄት የታሸ ነው፤ ጥሬውንም የሚበሉ አሉና ክትፎ የሚያውቅ ሰው አይደነቅበትም። ዓሣን በጨው አብላልተው የሚሠሩት ማጣፈጫ ሽታው እጅግ የከበደ ነው። ሆኖም በዚያ ቤት ከነበሩት ወገኖቻችን አንድም አፍንጫውን የያዘ አልነበረም፤ ዋጋውንም በዶላር ከፍለው፣ አመስግነው ወጡ። ከገዛ አገራችን በእንሰት ጕድጓድ የተብላላ ቆጮ ሲቀርብ ግን አፍንጫውን የሚይዝ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ በዚያው በቱም ማዕድ ለባልንጀራችን ነገርነው። ጎደሬ ራሱ በጥንት ዘመን ከእስያ ወደ አፍሪካ የተሻገረ ተክል መሆኑን፣ ዝንጅብልና ሙዝም እንዲሁ ከዚያው ወገን መምጣታቸውን፣ በቴፒ የሚለማው ቁንዶ በርበሬና እርድም የእስያ ዘር መሆኑን ጨመርንለት። የታይላንድ ሰዎች ጎደሬን በኮኮናት ወተትና በስኳር ሠርተው ከምግብ በኋላ ለጣፋጭ ይበሉታል። ቃሪያና በርበሬ ግን ለእነርሱም ለእኛም ከአሜሪካ የደረሱ ናቸው። ከእኛ ወደ እነርሱ የሄደው ቡና ነው፤ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የሆነው ይህ ተክል በብዙ አገር ዞሮ፣ ፈረንሳዮች ላኦስን በገዙበት ዘመን በቦሎቨን ከፍተኛ ምድር ተተከለ፤ ዛሬም ላኦስ ቡናዋን ለውጭ አገር ትሸጣለች።

ባልንጀራችን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፤ «የሾርባው ዋጋ ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ብንነግረው እጁን ወደ ኮባው ቅጠል ሰደደ። እመቤቲቱም ቀና ብለው ዳጣውን አስጠጉለት።

በቤታቸው ለመሞከር ለሚወዱ ወይዛዝርት እሜቴ ያስተማሩንን እንጽፋለን። ጎደሬው ጥሬው እጅን ያሳክካል፤ ሳይበስል የተበላ እንደ ሆነም ጉሮሮን ይቧጥጣል፤ ስለዚህ ጭቃው እስኪለቅ ማጠብ፣ ቢላዋ ወይም እንጨት ያለ ችግር እስኪያልፍበት መቀቀልና ውኃውን መድፋት ያስፈልጋል። ልጣጩ ከተቀቀለ በኋላ በቀላሉ ይለቃል። ትኩሱን መብላት ነው፤ ከቀዘቀዘ ይደርቃል። ጨሞውን ግን በአዲስ አበባ ለማፍላት ብንፈልግ የቡናውን ቅጠል ከገበያ አላገኘንምና እስካሁን አልሠራነውም።