«እየሄደ ነው» የሚል ባልደረባ ያስፈራኛል

ፍቅርም ሆነ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጠብ አይደለም፤ በዝምታ ነው። ስለ ፍቅሩ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ሥራው ላውጋችሁ።

የአዋሽ ሰባት ልጅ ነኝ። እንጀራዬን ያገኘሁት ግን ሰመራ ነው፤ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሶፍትዌር እንሠራለን። የሥራ ዘዴያችን አጃይል ይባላል። ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች አሜሪካ፣ ዩታ ተሰብስበው ባወጡት አጭር መግለጫ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የዓመት ዕቅድ አውጥቶ፣ በር ዘግቶ ዓመቱን ሙሉ ከመልፋት ይልቅ ሥራውን ቆራርሶ፣ እንደኛ በየሁለት ሳምንቱ፣ ያለቀውን ለደንበኛው ማሳየት። «ይሄንን አይደለም የፈለግኩት» ቢል የሚባክነው የሁለት ሳምንት ድካም ብቻ ነው። ስክረም በሚባለው ዓይነቱ ደግሞ ቡድኑ በየቀኑ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይገናኛል። ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? ምን ያዘህ?

ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ከመካከላችን አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ መልሱ አንድ ሆነ፤ «እየሄደ ነው።» ለካስ ምንም የሄደ ነገር የለም። የክፍያው ክፍል አልሠራ ብሎት ሌሊት ሌሊት ብቻውን ሲታገል ከርሟል። እንቅልፍ አጥቶ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሁሉ ጽፎ ነበር። ለደንበኛው የምናሳይበት ቀን ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ያናገረችው የአፋር ልጅ የሆነች ባልደረባችን ናት። «ወንድሜ፣ ዳጉ ታውቃለህ?» አለችው።

ዳጉን አዋሽ እያለሁ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ያዩትን፣ የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ስልክ ባልነበረበት ዘመን ወሬ አገሩን የሚያዳርሰው በዚህ ነበር።

«በዳጉ ክፉ ወሬ መናገር ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ» አለችው። «በደረቀው ጉድጓድ ውሃ አለ ካልከኝ ከብቴ ያልቃል።»

ልጁ የሆዱን ዘረገፈው። የክፍያውን ክፍል ወደሚቀጥለው ዙር አሸጋገርነው፤ ለደንበኛውም በግልጽ ነገርነው። ፊቱን ቢያጠቁርም ተስማማ። ሁለታችን ከልጁ ጎን ተቀምጠን አብረን ፈለግን፤ በሦስተኛው ቀን ችግሩ ተገኘ። ደብዳቤውም ተቀደደ።

እናንተዬ፣ ግድግዳ ላይ ባለቀለም ወረቀት መለጠፍ ብቻውን አጃይል አያሰኝም። አለቆች፣ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ከተቆጣችሁት ነገም የምትሰሙት «እየሄደ ነው» ብቻ ነው። ወጣቶች ደግሞ፣ አንድ ሥራ ከአንድ ቀን በላይ ከያዛችሁ በማግስቱ ጠዋት አፍ አውጥታችሁ «ይዞኛል» በሉ። ቃሏ አጭር ናት፤ ስንቱን እንቅልፍ ታድናለች!