ሰዓቱን ማን ሞላው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኛ ሦስት ሠልጣኞች ባለፈው መንፈቀ ዓመት የሞከርነውም ድር የማበር ሥራ ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ስኬታችን ሳይሆን ስለ ጥፋታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፌስቡክ ያለው መገናኛ ባለቤቱ አንድ ድርጅት ነው፤ የሁሉም ሰው ጽሑፍ በእሱ ኮምፒዩተሮች ይቀመጣል። ማስቶዶንና ጎቱሶሻል የሚባሉት ፕሮግራሞች ግን እንደ ፖስታ ቤት ናቸው። ትምህርት ቤቱም ማኅበሩም የየራሱን ያቆማል፤ ደብዳቤው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። የመላላኪያው ደንብ አክቲቪቲፐብ ይባላል፤ የጸደቀውም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

የተሰጠን ኮምፒዩተር ያረጀ፣ ሜሞሪውም 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዴቢያን ሊኑክስን ጫንንበት። ማስቶዶን ፖስትግሬስ፣ ሬዲስ፣ ሩቢ እያለ ብዙ ጓዝ ስለሚጠይቅ ተውነው። ጎቱሶሻል ቀለል ያለ ነው፤ ለመረጃ ማስቀመጫ ኤስኪውላይት ይበቃዋል። የኮምፒዩተር መምህራችን ያስመዘገቡልንን የኢንተርኔት ስም በጥንቃቄ ጻፍን፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስም መለወጥ አይቻልምና። ኤንጂንኤክስን በር ጠባቂ አድርገን ሰርተፊኬት አወጣን። ፕሮግራሙ የራሱ መጻፊያ ገጽ ስለሌለው በስልካችን ቱስኪን ጭነን «ሰላም» ብለን ጻፍን። ከሌላ አገር ሰርቨር መልስ መጣ! ጭብጨባው ቀለጠ።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ የላክነው ሁሉ አልደርስ አለ። በዋዜማው አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ የፕሮግራሙን ፋይል ከፍቶ ሲያይ አይተነው ነበር። «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» አልነው፣ ያውም በሰው ፊት። «አነበብኩ እንጂ አልነካሁም» ቢል ማን ሰምቶት! አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሦስት ቀን ወደዚያ ክፍል ዝር አላለም።

በሦስተኛው ቀን መምህራችን መጡና «ሎጉን አንብባችኋል?» አሉን። አላነበብንም። ስንከፍተው ተቀባዩ ሰርቨር በየደብዳቤያችን 401 እያለ መልሷል፤ ፊርማችሁን አልቀበልም ማለቱ ነው። ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድ መልእክት ከፊርማው ጋር ሰዓት አለበት። ሰዓቱ ብዙ ከተዛባ ተቀባዩ አያምነውም፤ ሌላ ሰው የቆየ ደብዳቤ ደግሞ እንዳይልክበት ነው። መምህራችን «ዴት» ብለው ትእዛዝ ሰጡት። ኮምፒዩተሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።

6 ሰዓት! ሦስታችንም ክው አልን። ያን ዕለት መብራት ሲመጣ፣ የኮምፒዩተሩ የሰዓት ባትሪ ሞቶ ስለነበር ቀኑም ሰዓቱም ተዛብቶ ነበር፤ ኢንተርኔቱም ገና አልተመለሰም። እኛ ደግሞ ቸኩለን፣ ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክለውን አገልግሎት ዘግተን በእጃችን ሞላነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበርና 3 ብለን ጻፍን። ለእሱ ግን ያ ሰዓት 9 ነው!

አገልግሎቱን መልሰን ስንከፍተው ደብዳቤው መሄድ ጀመረ። ደስታው ግን አልዋጥልን አለ። ማታውኑ ልጁ ወዳለበት መኝታ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እሱም «ይሁን» አለን። የወነጀልነው ግን በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን ብለን ይኸው እዚህ ግድግዳ ላይ ጻፍነው።

ጓደኞቻችን፣ ነገ ክፍል ገብተን ተማሪ ፊት እንቆማለን። አንድ ነገር ሲበላሽ ጣታችን ወደ ደካማው መቀሰሩ አይቀርም። «አንተ ነህ» ከማለታችን በፊት ሎጉን እናንብብ፤ የገዛ ሰዓታችንንም እንይ።