ኮምፒዩተር የነገሩትን ያምናል

አንባቢ ሆይ! የተማረ ሰው ሲሳሳት ካልተማረው ይልቅ አጥብቆ እንደሚሳሳት ታዝበው ያውቃሉ? እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት፥ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ፥ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፥ ከታላቅ ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ነው።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቼ ለመመረቅ የበቃሁት ግን ወንድሜ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ በላከልኝ ገንዘብ ነው። እርሱ ራሱ ከ10ኛ ክፍል አላለፈም። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ለገዛ ደስታው የገዛው ነገር ቢኖር አንዲት አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ናት። ይህች ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየች ስትሆን፥ የፊተኞቹ ሞተር 1.6 ሊትር፥ ጉልበቱም 116 ፈረስ ነበረ። ወንድሜ ይህ አልበቃ ብሎት ቱርቦ ገጠመላት። የአሜሪካ ሕግ በመንገድ መኪና ላይ የጭስ መቆጣጠሪያን መነካካት ስለሚከለክል፥ የሚነዳት በመወዳደሪያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

ቱርቦ ማለት አየርን በግድ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አየር ሲበዛ ቤንዚንም መብዛት አለበት። ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ቢደርሰው ሁለቱ ተሟልተው ይነዳሉ፤ ቱርቦው ሲጫን ግን ሞተሩ እንዳይግል ቤንዚኑን ጨመር አድርጎ አየሩን ወደ 12 ግራም ግድም ማውረድ ይገባል። የፋብሪካው ኮምፒዩተር ስለ ቱርቦ የተነገረው ነገር የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተምረው ሌላ ኮምፒዩተር አስፈለገ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለተራ ሰው ያቀረቡለት ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ናቸው። በ2001 ሜጋስኩዊርት የተባለውን መሣሪያ ገዢው ራሱ በየዳ ገጣጥሞ እንዲሠራው አድርገው አወጡት። እኛም ትንንሾቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ ስንበይድ አራት ምሽት ፈጀብን። ከዚያ በኋላ የሙቀቱን፥ የአየር ግፊቱንና የሞተሩን ዙር የሚለኩትን ሴንሰሮች በሽቦ አገናኘን።

ቁጥሩን የመሙላት ሥራ የእኔ ሆነ። ሠንጠረዡ 16 ረድፍና 16 ዓምድ ስላለው 256 ቁጥሮች ይይዛል። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ በኩራት ሲያየኝ፥ ያወጣብኝን ገንዘብ የምመልስለት በዚህ ቀን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ካንዴላው ብልጭ የሚለው ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው መሆኑን ኮምፒዩተሩ በግልጥ አሳየ። እኔም «አለቀ፤ ነገ ወደ ሜዳ እንሂድ» አልሁ። ወንድሜ ግን ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የእጅ መብራት አወጣ። ይህ መብራት ከአንደኛው ካንዴላ ሽቦ ጋር ሲያያዝ፥ ካንዴላው ብልጭ ባለ ቍጥር አብሮ ብልጭ ይላል፤ የሚሽከረከረውም ፑሊ የቆመ መስሎ ስለሚታይ፥ በላዩ ያለውን ምልክት ማንበብ ይቻላል።

«ጋሼ፥ ኮምፒዩተር ይዋሻል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

«እኔ ስነዳ መስተዋት አለኝ፤ ግን አንገቴንም አዞራለሁ» አለኝ።

መብራቱን ሲያበራ ምልክቱ 24 ዲግሪ ላይ ቆሞ ታየ።

የሴንሰሩን አቀማመጥ ስጽፍ በ14 ዲግሪ ስቻለሁ። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የነገርሁትን አምኖ መልሶ ነገረኝ እንጂ። 14 ዲግሪ ምን ያህል ነው ይሉ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፥ ይህ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በቱርቦ ግፊት ካንዴላው በዚህን ያህል ቢቀድም፥ ፒስቶኑ ገና ሽቅብ ሲወጣ ፍንዳታው ቁልቁል ይመታዋል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስቶኑም ሊሰበር ይችላል። የወንድሜ የብዙ ሌሊት ድካም በእኔ አንድ ቁጥር ሊጠፋ ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው፦ ያ መብራት የሚሠራበትን ሕግ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምራለሁ። እርሱ ሕጉን በስሙ አያውቀውም፤ መብራቱን ግን ያበራል።

ወንድሜ አልተቈጣኝም። «በል መምህር፥ አስተካክለው» አለና ምልክቱ 10 ላይ እስኪቆም ድረስ መብራቱን ይዞልኝ ቆመ። መኪናይቱ በነሐሴ ሜዳ ላይ ወጥታ በደኅና ተመለሰች።

እኔም ወደ ክፍሌ ከተመለስሁ ወዲህ፥ ተማሪ መልሱን ሲያሳየኝ «ትክክል ነው» ከማለቴ በፊት «በምን አረጋገጥህ?» እላለሁ። እርስዎም፥ አንባቢ ሆይ፥ መሣሪያዎ «ሁሉ ደኅና ነው» ባለዎት ጊዜ፥ ይህን ማን እንደ ነገረው ይጠይቁ። ምናልባት የነገሩት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ።